ደወል የሆነው ሐዲድ

አባቴ የባቡር ሰው ነው። መንዝ ውስጥ እንዲህ ስል ሰው ይስቃል፤ አገራችንን እንኳንስ ባቡር፣ ጭነት መኪናም ክረምት ክረምት አይደፍራት። እሱ ግን በጎረምሳነቱ ቆላ ወርዶ፣ ከዋናው መስመር ተገንጥላ ሲሚንቶ ፋብሪካ ግቢ ድረስ የምትገባ አንዲት አጭር ሐዲድ ሲጠግን ኖረ። የላላ ብሎን ያጠብቃል፣ ያረጀ ብረት ይለውጣል። በለወጠው ብረት ጫፍ ላይ ደግሞ በመሮ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቱም የቤታችን የበግ ጆሮ ምልክት ነው፤ በአንድ ወገን ሁለት ቁርጥ፣ በሌላው አንድ። "ጓሳ ላይ በጌ ከሰው በግ ቢቀላቀል አይጠፋኝም፤ ብረቴ ለምን ይጠፋኛል?" ይለን ነበር።

ኋላ ሲሚንቶውን የጭነት መኪናዎች ወሰዱት። ባቡሯ መጀመሪያ በሳምንት አንዴ፣ ቀጥሎ በወር አንዴ መጣች፤ ከዚያ ጭራሽ ቀረች። አለቆቹ "ለጊዜው ነው፤ መስመሩ ሲጠገን እንጠራችኋለን" ብለው ሠራተኛውን አሰናበቱ። የእኔ የዋህ አባት አመናቸው። መንዝ፣ ዘመሮ ከተማ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ተመልሶ ያን ጥሪ ስንት ዓመት ጠበቀ። ባሕር ዛፍ ትከል ሲሉት "ዛፍ የሚተክል ተቀማጭ ነው፤ እኔ መንገደኛ ነኝ" ይላል። የእድር ዳኛ ሁን ቢሉት አሻፈረኝ አለ። እናቴ "ኧረ ተው፣ ላም አለኝ በሰማይ አትበል" ስትለው ቀኑን ሙሉ ይኮርፋታል።

ባለፈው ዓመት የደብራችን የድንጋይ ደወል ተሰነጠቀ። የሰበካ ጉባኤው ሽማግሌዎች መከሩና፣ ለአባቴ ትንፍሽ ሳይሉ፣ ከብረት ነጋዴ አንድ የሐዲድ ቁራጭ ገዙ። የባቡር ሰው ያለበት ደብር በባቡር ብረት ይደወልበት፣ መጀመሪያም እሱ ይምታው፣ ደስ ይበለው ብለው ነው። ክፋት አልነበረበትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብረቱን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥድ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። ጠጋ ብዬ ጫፉን ሳይ ክው አልኩ። ሁለት ቁርጥ፣ በሌላው ወገን አንድ። መስመሩ ተነቅሎ፣ ተቆራርጦ፣ ተሽጧል ማለት ነው። አባቴ የሚጠብቀው ሥራ የለም፤ ሊጠግነው የሚመለስበት ሐዲድም የለም። እንዴት አንድ ሰው እንኳ ደውሎ መንገር ያቅተዋል? መርዶ በብረት ነጋዴ ይላካል?

አባቴ እንዳያየው ብዬ የነጠላዬን ጫፍ ብረቱ ላይ ጣል አድርጌ ከፊቱ ተገተርኩ። መሪጌታው "አንቺ፣ ልብስ ማስጫ አደረግሽው እንዴ?" ብለው ሰዉን አሳቁብኝ። ነጠላዬን ግን አላነሣሁም። ይሄኔ አባቴን እያጨበጨቡ አመጡት።

"አባዬ፣ አሞኛል፤ ቤት አድርሰኝ" አልኩት።

"ምነው ልጄ፣ ምን ነካሽ?" ብሎ ግንባሬን ሊዳስስ ወደ እሱ ሳብ ሲያደርገኝ ነጠላዬ ከብረቱ ላይ ተንሸራተተ።

አየው። ቁርጦቹን በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ዳሰሰ። ፊቱ አመድ መሰለ። "ይሄ ፋብሪካው በር ላይ የነበረው ነው። የለወጥኩት እኔ ነኝ" አለ። አጠገቡ ቆሜ እንኳ የሰማሁት በግድ ነው።

ነገሩ ሲገባቸው ቄሰ ገበዙ ደነገጡ። "ይቅር ይበሉን፤ እኛ እኮ ደስ ይልዎታል ብለን ነው። ከከበደዎ አሁኑኑ እናወርደዋለን፤ ይመለስ" አሉት።

አባቴ ብረቱን እንደያዘ ወደ ቄሰ ገበዙ ዞረ።

"አባ፣ ወዴት ይመለሳል?" አላቸው።

የመደወያውን መዶሻ ከቄሰ ገበዙ እጅ ተቀብሎ ብረቱን መታው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እሱ ያለቅስ ነበር። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።