እሳቸው እንዳሉት

በርበሬው በጠወለገበት ክረምት ስሜን ያጠፉት አያ አንለይ ናቸው። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣችኝ ልጃቸው ናት። ባለፈው ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ላይ አቅፋ ሳመችኝና «አባዬ እስኪሞቱ ድረስ ያመሰግኑሽ ነበር» አለችኝ። ምስጋናው እኔ ዘንድ አልደረሰም።

ያኔ ወጣት ነበርሁ። አባቴ ከሞተ በኋላ የገበሬዎች ማኅበራችንን የበርበሬ ችግኝ እያፈላሁ እናቴን እጦር ነበር። ሥራውን ያስገኙልኝ አያ አንለይ ናቸው፤ ሊቀ መንበር ነበሩ።

በስብሰባችን መጀመሪያ የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። ቀጣዩ «እሳቸው እንዳሉት» ብሎ ትንሽ ይጨምርበታል፤ ሌላው ደግሞ በዚያ ላይ። ተራው ሴቶቹ ዘንድ ሲደርስ ነገሩ ግድግዳው ቆሞ፣ ጣራው ተከድኖ ይጠብቀናል።

ነሐሴ ላይ በርበሬው አንገቱን ሲደፋ ተሰበሰብን። የዓመት ጉርሳችን ነውና ሁሉም ፈርቷል። አያ አንለይ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «እኔስ ችግኙ ይመስለኛል» አሉ።

«እሳቸው እንዳሉት፣ ሲመጣም ቀጫጫ ነበር።»

«እሳቸው እንዳሉት፣ በልጅ እጅ መጣል አልነበረብንም።»

ወደ እኔ የሚያይ ጠፋ። ከአዊ ተድረው የመጡት እማማ ያለምወርቅ ተራቸው ሲደርስ ግን «የኔም የተተከለው ከዚችው ልጅ ችግኝ ነው። ዳገቱ ላይ ለምልሞ ቆሟል። ምነው በሽታው የኔን ረሳው?» አሉ።

«እርስዎን ፈርቶ ነዋ፣ እማማ!» አለ አንዱ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«እንግዲያው ኑና እዩት።»

ተነሥተን ወጣን። ከወጣትነቴ እንደዚያ ቀን የምወደው የለም። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፤ አንዱ ሲንሸራተት ሌላው ይጎትተዋል። እማማ ደጃፍ ላይ ትኩስ ድንች በአዋዜ ቆመን በላን። በርበሬያቸው እውነትም አረንጓዴ ነበር። ከዚያ ወደ ሜዳው ጥቁር ዋልካ አፈር ወረድን፤ ውኃ ተኝቶበታል። አያ አንለይ አንዱን ነቀሉ። ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል። አሸተቱትና ለጎናቸው ሰው ሰጡት፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እኔም ደረሰኝ።

«ውኃው እኮ ነው» አለ አንዱ።

«ቦዩ ተደፍኗል» አለ ሌላው።

«እሳቸው እንዳሉት» ያለ አልነበረም። በማግሥቱ ሁሉም አካፋ ይዞ ወጣ፤ ውኃው ተለቀቀ፤ ብዙው በርበሬ ተረፈ።

በሚቀጥለው ስብሰባ አያ አንለይ «ውኃው ነው ብለን እንደተነጋገርነው» ብለው ጀመሩ።

«እሳቸው እንዳሉት» አለ ቀጣዩ።

ችግኙን የወቀሰ ሰው ጭራሽ እንዳልነበረ ሆነ። ወሬው ግን ቀድሞ ከመንደሩ ወጥቷል፤ ገበያ ላይ «የጠውላጋው ችግኝ ባለቤት» ይሉኝ ነበር። «ልጅቷን በድለናታል» የሚል አንድ ሰው ጠበቅሁ። ከስብሰባው ስንመለስ ወንዙ ሞልቶ ነበር። አያ አንለይ ዱላቸውን ዘርግተው፣ እጄንም ጥብቅ አድርገው ይዘው አሻገሩኝ። «በርቺ ልጄ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። የእጃቸውን ሙቀት እስካሁን አውቀዋለሁ፤ ለዚህም ነው ያልተናገሩትን የማልረሳባቸው።

ዛሬ ሳስበው የዋሹ አይመስለኝም። ሰው አብሮ ሲያስብ እንደሚደፍር ሁሉ፣ አብሮ ሲረሳም ኅሊናው አይቆረቁረውም። ለልጃቸው «ነፍሳቸውን ይማር» አልኋት፤ ከልቤ ነው።

በተከታዩ ዓመት ሥራውን ትቼ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ለራሴ ችግኝ አፈላሁ። ማኅበሩ ሊገዛ ሲመጣ ሸጥሁለት። አያ አንለይ ለራሳቸው ሊገዙ ሲመጡ ግን አልሸጥሁላቸውም።