ላሟን የደበቅንበት በጋ

ነጌሌ ቦረና የገባሁት የወታደር ሚስት ሆኜ ነው። ባሌ በጦር ሰፈሩ አሥር አለቃ ነበር፤ እኔ የጎጃም ደጋ ልጅ፣ ከውርጭ በቀር ሌላ የአየር ጠላት የማላውቅ። የበኩር ልጃችን አምስት ወር ሲሞላው ወባ ጣለኝ። ከሕመሙ ስነሳ ጡቴ ደርቆ ነበር። ልጁ ይስባል፣ ያለቅሳል፣ ደግሞ ይስባል። ባሌ አላስችል ቢለው እስከ ሀገረ ማርያም ሄዶ አንዲት የደጋ ላም ከነጥጃዋ ገዛና በወታደር ካሚዮን ጭኖ አመጣልኝ። ግቷ የተወጠረ ዳለቻ ላም። ሳያት እልል አልኩ። ልጄ ተረፈ አልኩ።

ሰው አገሩን ትቶ ሲሄድ ፍርሃቱን ግን ጠቅልሎ ይዞ ነው የሚሄደው። እኛ ዘንድ ጥሩ ላም ያለው ሰው ላሚቱን ለአላፊ አግዳሚ አያሳይም፤ ዓይን ይበላታል። ስለዚህ ባሌ ከዚህም ከዚያም ቆርቆሮ ለቃቅሞ በረት ሠራላት። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መስኮት የሚባል ነገር የለውም፤ በሩ በቁልፍ ይዘጋል። ሣሩንም ውሃውንም እዚያው እናቀርብላታለን። እኛ የምንኖረው በሣር ክዳን ቤት ነበርና የጦር ሰፈሩ ሴቶች «ላምሽ ከአንቺ በላይ ኮርታ ትኖራለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም ከልቤ እኮራ ነበር።

ከአጥራችን ማዶ አንዲት በዕድሜ የገፉ የቦረና እናት ይኖሩ ነበር። አዴ እንላቸዋለን። ላሚቱ ከካሚዮኑ ስትወርድ ቆመው አዩዋትና «አቤት ግት!» አሉ። በእኛ ወግ እንዲህ ያደነቀ ሰው ዓይኑ እንዳይጎዳ እንትፍ እንትፍ ይላል። እሳቸው አላሉም። ይህንን ያዝኩባቸው።

ከዚያ ቦና ገባ። የአገሩ ሰው በጋውን እንዲያ ነው የሚለው። መሬቱ ተሰነጠቀ፤ ለጦር ሰፈሩ ውሃ የሚያመጣው ቦቴ አንድ ቀን ከመጣ ሁለት ቀን ይቀራል። ላሚቱ መጀመሪያ መብላት ቀነሰች። ቀጥሎ ማመስኳት ተወች። መተኛት እምቢ ብላ ቀኑን ሙሉ ቆማ፣ ምላሷን አውጥታ፣ ለሐጯን እያዝረበረበች ታለከልካለች። ግሬራ ሙሉ ይታለብ የነበረው ወተት ከታቹ ደረሰ። ባሌ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ፤ እኔ ግን ልጄን ታቅፌ ስለነበር አልሳቅሁም።

ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ዓይን በልቷታል። በሩን ይበልጥ አጠበቅሁት። በቆርቆሮው መካከል ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ወታተፍሁ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ እዚያ ምድጃ የሆነ በረት ውስጥ ቀበሪቾ አጨስሁባት። ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ባሌ ለልምምድ ወደ ሜጋ በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አዴ በአጥሩ በኩል መጡ።

«ናጋ?» አሉኝ፤ ሰላም ነሽ ወይ ማለታቸው ነው።

«ናጋ ነው፣ አዴ» አልኩ፤ ጀርባዬን ለበረቱ በር ሰጥቼ።

«የላሚቱ ትንፋሽ እቤቴ ድረስ ይሰማል። ክፈቺና ልያት።»

ያን ጊዜ ምላሴን መያዝ አቃተኝ። «ከዚህ በላይ ምኗን ሊያዩ ነው? የጎዳት የእርስዎ ዓይን አይደለም ወይ?» አልኳቸው። የእናቴ ታላቅ ለሚሆኑ ሰው!

አልተቆጡም። ቀረብ ብለው እጄን ያዙና መዳፌን ከቆርቆሮው ላይ ለጠፉት። ጮኼ እጄን ነጠቅሁ።

«ኢላሊ! እዪ!» አሉኝ። «የእኔ ዓይን እንዲህ ያቃጥላል?»

በሩን ከፈትሁ። ከውስጥ የወጣው ወላፈን ፊቴን ገረፈኝ። ላሚቱ ጎኗ እንደ ወናፍ ይነፋል፤ ጥጃው ጥግ ላይ አንገቱን ዘርግቶ ተኝቷል። እንደዚያ ቀን ያፈርሁበት ቀን የለም። ግን ለማፈርም ጊዜ ያስፈልጋል፤ እኔ ጊዜ አልነበረኝም። መዶሻ አመጣሁ። ባሌ በስንት ድካም የመታውን ቆርቆሮ አንድ በአንድ ነቀልሁት። አዴ ቅርንጫፍና ሣር አመጡ፤ ግድግዳ የሌለው ዳስ ሠራን። «ጥላ ይኑራት፣ ነፋስ ግን ይለፍ» አሉኝ። ውሃ በየቀኑ እንድሰጣትም አስጠነቀቁኝ፤ የእነሱ ከብት በሦስተኛው ቀን ቢጠጣ ይችላል፣ ይህች የደጋ ልጅ ግን አትችልም አሉ። ጎህ ሲቀድ ለግጦሽ እወስዳታለሁ፤ ፀሐይ ሲጠነክር ዳሷ ውስጥ አሳርፋታለሁ፤ ሲበርድ መልሼ አወጣታለሁ።

የከበደኝ ግን ሌላው ትእዛዝ ነው። «ግማሹን ለጥጃው ተዪ» አሉኝ። የምትታለበው ራሱ ሁለት ስኒ አይሞላም፤ ቤት ውስጥ ልጄ ይጮሃል።

«አዴ፣ ልጄስ?»

«ጥጃው ከሞተ ወተቷን አትለቅም። ያን ጊዜ ልጅሽ ምን ይጠጣል?»

እኔ ደግሞ አንዴ ከያዝሁ አልለቅም። በየማለዳው ከሁለቱ የፊት ጡቶች አልባለሁ፤ የኋላዎቹን ሳልነካ እነሳለሁ። ልጄ የደረሰውን ጠጥቶ ስኒውን ይልሳል፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። አንዳንድ ቀን ልመለስና የቀረውን ላልበው ተነስቼ እስከ ዳሱ እሄድና፣ ቆሜ፣ ጥጃው ሲጠባ አይቼ እመለሳለሁ።

ባሌ ከልምምድ ሲመለስ ቆርቆሮው መሬት ተከምሮ አገኘው። ተራምዶት ወደ ቤት ገባ። በማግስቱ ጠዋት ግን ከወተቱ ግማሹን ለጥጃ መተዌን ሲያይ ደሙ ፈላ። ግሬራውን ከእጄ ነጥቆ ወደ ላሚቱ ሄደ። ፊቱ ቆምሁ።

«የወለድሽውን ልጅ ለጥጃ ትለውጫለሽ?» አለኝ።

«ያንን ጥጃ ካስራብኸው ልጅህንም ቀብረኸዋል። መጀመሪያ እኔን ግፋኝ» አልኩት።

አልገፋኝም። ግሬራውን መለሰልኝና ባልዲ አንስቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመታጠቢያው የሚደርሰውን ውሃ ሳይነካ ለላሚቱ ያመጣ ነበር። ወታደር ሆኖ ላብ ላብ እየሸተተ ሰልፍ ላይ መቆም ለእሱ ቀላል አልነበረም።

ላሚቱ ቀስ በቀስ ማመስኳት ጀመረች። ወተቷ አልጨመረም፤ ግን አልነጠፈችም። ልጄ ከሳ፤ ግን ዳዴ አለ። ቀን በቀን፣ በስኒ እየለካን፣ አምስታችንም ያንን ቦና ተሻገርን።

ዝናቡ ጥሎ ሣሩ ከበቀለ በኋላ አንድ ማለዳ ለማለብ ቁጭ አልኩ። ከፊት ጡቶቹ ብቻ ግሬራው ሞላ። አዴ አጠገቤ ቆመው ነበር። «አሁን በቅቷታል፣ ጥጃዋም ሣር ጀምሯል፤ ከኋላም እለቢ» አሉኝ። እጄን ወደ ኋላ ጡት ዘረጋሁ። እጄ እምቢ አለኝ። ሁለቴ ሞከርሁ። ያን ሁሉ ወር ልጄ ስኒ ሲልስ አንድም ጊዜ ያላለቀስሁ ሴት፣ ግንባሬን ላሚቱ ጎን ላይ አስደግፌ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ።