ሳያልቅ ያጨበጨብንለት ሲምፎኒ

ካርቱም ውስጥ ከእኔ የተሻለ ድምፅ የሚያስተካክል ሰው አለ ብሎ የነገራችሁ ካለ ዋሽቷችኋል። ተምሬ አይደለም እንዲህ የምለው። ትምህርት ቤት የሄድኩት ፊደል እስክለይ ነው፤ የቀረውን ያስተማሩኝ የተቃጠሉ አምፕሊፋየሮች ናቸው። ከጦርነቱ በፊት ሳጃና ሰፈር አንዲት ጠባብ ዱካን፣ ሱቅ ማለት ነው፣ ነበረችኝ። የተበላሸ ስፒከር እጠግናለሁ፣ ለሠርግ ደግሞ ድምፅ ማጉያ አከራያለሁ። እኔ ያሰማሁት ዘፋኝ ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን ድረስ ይሰማል። እንዲቀንስ የለመነኝ ጎረቤት ብዙ ነው፤ ጨምርልኝ ያለኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

እሳቸው ከዱካኔ ፊት ለፊት ያለውን ፎቅ የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። አገር ቤት እያሉ የባንድ ሰው ነበሩ፣ ትሮምቦን ይነፉ ነበር። በፖለቲካ ተሰደው ካርቱም ገቡና ስንት ዓመት ለስደተኛ ልጆች ሙዚቃ አስተማሩ። ጆሯቸው እየደከመ ሲሄድ ማስተማሩ ቀረና ጋፊር ሆኑ፣ ዘበኛ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ሌባ ሲመጣ በምንዎ ሊሰሙት ነው?» እላቸዋለሁ ጮክ ብዬ።

«አንተ እንዲህ እየጮህክ ካልነገርከው ሌባው በምን ያውቃል?» ይሉኛል።

አንድ ቀን ቡሪ ሰፈር ያለ የአንድ አዳራሽ ኃላፊ ደወለልኝ። ትልቅ ኦርኬስትራ ሊጫወት ነው፤ ግማሹ የካርቱም ተማሪዎች፣ ግማሹ ከውጭ የመጡ እንግዶች፣ ከሰማንያ ሰው በላይ። አዳራሹ ስለማይበቃ ግቢው ውስጥ ለሚቀመጠው ሕዝብ ድምፁን አንተ ታወጣለህ አለኝ። የሲምፎኒውን ስም የሲጋራ ፓኮ ላይ ጻፍኩና ለጋሼ አሳየኋቸው። እውነቱን ለመናገር ሲምፎኒ ምን እንደሆነ እንዲያስረዱኝ ነበር፤ አላውቅም ማለት ግን አልወድም፣ «ይሄን ያውቁታል?» ብዬ ፈተና አስመሰልኩት።

ፓኮውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«አራት ወር ተለማምደነዋል» አሉ። «ቫዮሊኖቹ አንድ ክፍል፣ እኛ ነፊዎቹ ሌላ ክፍል፣ ከበሮው ግቢ ውስጥ። አንድ ላይ የምንገጥምበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት መንግሥት ተለወጠ፣ ባንዱም ተበተነ። የራሴን ድርሻ እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሙሉውን ግን ሰምቼው አላውቅም። በተለይ መጨረሻውን።»

ወዲያው ስልኬን አወጣሁ። በአንድ ደቂቃ አገኘሁትና ጆሯቸው ላይ ደቀንኩላቸው። ትንሽ ሰሙና እጄን ገፉት።

«ዝንብ ጠርሙስ ውስጥ ገብታ ነው።»

«በትልቁ ስፒከር ላድርግልዎ ታዲያ! ሰፈሩ ይንቀጥቀጥ!»

«ተቀድቶ ያለቀ ነገር አልፈልግም። ሰው ላቡን እያንጠፈጠፈ ሲጫወተው ነው የምፈልገው። ደግሞ ቶሎ ነው፤ ይሄኛው ጆሮ ዓመት አይቆይም።»

ይሄን ሲሉ አልሳቁም፣ እኔም ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። 

በኮንሰርቱ ቀን ለአዳራሹ ኃላፊ «ረዳቴ ናቸው» ብዬ አስተዋወቅኋቸው። ሰውዬው የሰባ ዓመት ረዳቴን ከእግር እስከ ራስ አያቸው። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይሄ ረዳትህ ነው ወይስ አያትህ?» አለኝ። «ዕድሜ የሚጎዳው ዕቃን ነው» አልኩት። ጋሼም ረዳት እንዲመስሉ አንድ ጥቅል ገመድ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ገቡ። አዳራሹ በስተኋላ፣ ድምፁን የምቆጣጠርበት ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። መድረኩ ላይ ካሉት ማይኮች የሚመጣውን በሙሉ በአንድ ትልቅ ሄድፎን ለእሳቸው ብቻ ሰጠኋቸው፣ ደህና ጆሮ የሚያደማ ድረስ ከፍ አድርጌ። ይሄን ዘዴ ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴ ነኝ የፈጠርኩት።

«መጨረሻው ሲደርስ አታናግረኝ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

አስር ሰዓት ላይ ተጀመረ። ምን ልበላችሁ፣ ሙዚቃው የሀብታም ሠርግ ነው። ከበሮ አንድ ይበቃል ስትል ሦስት፣ መለከቱ በረድፍ፣ ደወል ሳይቀር አለበት። ሁለት ትልልቅ የነሐስ ክዳን የሚያጋጭ ሰውዬ ነበረ፤ እሱ እጁን ባነሳ ቁጥር እኔ የድምፅ ማዞሪያዬን እይዛለሁ። ጋሼን ሰረቅ አድርጌ አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ወደፊት ወደኋላ ይንሸራተታል፣ ትሮምቦኑን እየሳቡ ነው።

ሕዝቡ ደግሞ አበደ። አዋቂ ሰው ለሲምፎኒ በመሃል አያጨበጭብም ይላሉ፤ ካርቱም ግን ለወደደው ነገር ቀጠሮ አይዝም። የመጀመሪያው ክፍል ሲያበቃ ቶብ የለበሱት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ሱዳን ሠርግ ላይ ዘፈን ልቡን የነካው ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቀኝ እጁን ወደ ሰማይ ያነሳና ጣቱን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ወደ ዘፋኙ ይሄዳል፣ «አብሽር!» ይለዋል፣ ደስ ይበልህ እንደማለት። ሁለተኛው ክፍል ላይ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌዎች ካሉበት ሆነው እጃቸውን አነሱ። ከውጭ የመጣው የኦርኬስትራው መሪ መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ኋላ ፈገግ አለ።

እኔ እጄን አስሬ ነበር፣ ሥራ ላይ ነኛ። የመጨረሻው ክፍል ሲመጣ ግን አላስቻለኝም። ሰማንያው ሰው ባንዴ ጮኸ፣ ከበሮዎቹ ተከታትለው ወረዱ፣ የነሐሱ ሰውዬ ክዳኖቹን አጋጨ፣ ወንበሩ ከስሬ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቀጥ። ድፍን አዳራሽ ጸጥ አለ።

አሁን ሳስበው የመሪው እጅ አልወረደም ነበር። ትሮምቦኖቹም ከአፍ አልተነሱም። ይሄን ማየት ነበረብኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲጫወት ያየሁ ሰው ነኝ። እኔን ግን «ካንተ በፊት የገባው የለም» አለኝ ልቤ። ወንበሬ ላይ ወጣሁ፣ እጄን አነሳሁ፣ ጣቴን ቀጭ አደረግኩና ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ «አብሽር!» አልኩ።

ሕዝቡ ምልክት ነበር የሚጠብቀው። ባንዴ ግንፍል አለ። ጭብጨባ፣ ፉጨት፣ እልልታ። አንድ ሰውዬ እየሮጠ መድረክ ላይ ወጣና ከበሮ መቺው አናት ላይ ጣቱን ያጮህ ጀመር። ሌሎችም ተከተሉት።

ጃኬቴ ተጎተተ። ጋሼ ናቸው። «ገና ነው! ቁጭ በል፣ ገና ነው! አላለቀም!» ድምፃቸውን በዚያ ጩኸት መሃል ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ቁጭ አልኩ፣ ግን የእኔ መቀመጥ ምን ይፈይዳል? መሪው እጁን አየር ላይ እንዳደረገ ትንሽ ጠበቀ። አንዲት ቫዮሊን የያዘች ተማሪን እናቷ መድረክ ላይ ወጥታ እያለቀሰች አቀፈቻት። ይሄኔ መሪው ሳቀ፣ እጁን አወረደ፣ ዞሮም እጅ ነሳ። አዳራሹ በእግሩ ቆመ።

ጋሼ ሄድፎኑን አወለቁ። ገመዱን እንዳሳየኋቸው፣ ሳያጣምሙ፣ በደንብ ጠቀለሉና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ዕቃውን አዳራሹ ውስጥ ቆለፍኩበትና ወደ ሳጃና የሚሄድ ሃፍላ፣ ትንሽ አውቶብስ፣ ያዝን። ገና የመግሪብ አዛን እያለ ነበር። ስንት ቀልድ አለኝ፣ አንዱም አልመጣልኝም።

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ምን አልክ?»

«አጥፍቻለሁ!»

«አልሰማሁህም።»

«አጥፍቻለሁ አልኩዎ! እኔ ነኝ ያበላሸሁብዎ!»

ሃፍላው በሙሉ ዞረ። ከፊታችን የተቀመጠው ሱዳናዊ «ማለክ ያ ዞል? ምን ሆነሃል?» አለኝ። በዕድሜዬ ይቅርታ የጠየቅኩት ትንሽ ጊዜ ነው፤ አውቶብስ ሙሉ ሰው ፊት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ተናድጃለሁ» አሉ። «ዛሬ እንዳትቀልድብኝ።»

«እሺ።»

ወደ ወንዙ ድልድይ የሚገቡ መኪኖች ሰልፍ ይዘው መንገዱን ዘግተው ነበርና ቆምን። ወደ እኔ ዞሩ፦

«ከዚያ ጸጥታ በኋላ ያለውን ልንገርህ? የማውቀው የራሴን ብቻ ነው።»

ራሴን ነቀነቅኩ።

ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እየመቱ መቁጠር ጀመሩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...» ነፊ ተራው እስኪደርስ የሚጠብቀው እንዲህ እየቆጠረ ነው። ቦርጫሙ ኩምሳሪ ሂሳብ ሊሰበስብ መጣ፤ ቆይ አልኩት በእጄ። ጋሼን አየና እውነትም ቆመ። አስራ ሁለት ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸውን ገጥመው ነፉ፦ አራት ረጃጅም ድምፅ፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው ዝቅ ያለ፣ አምስተኛው ትንፋሻቸው እስኪያልቅ።



ያን ጊዜ ከማጨብጨብ በፊት መጠየቅ ተማርኩ። በእጄ ምልክት «አለቀ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የእኔ አልቋል» አሉ። «ሌሎቹ ግን ገና ናቸው፣ እየተጫወቱ ነው።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰምተውት የማያውቁትን ያዳምጣሉ፣ እኔም አጠገባቸው እጄን ሰብስቤ እጠብቃለሁ። ሳጃና ደረስን፣ አለፍንም። ወራጅ አላልኩም።