አዞው ከቅዱሳት መጻሕፍት የተባረረ ዕለት

ፓሌው በላይኛው ግብፅ፣ በዓባይ ዳር ባለች መንደር የቤተ ክርስቲያን አንባቢ ነበር። ማንበብ ግን አይችልም። መንደሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እንደ ነውር የቆጠረበት ግን የለም። አባቱ ሲያነብ እየሰማ በቃሉ የያዛት አንዲት መጽሐፍ ነበረችው። አንድ ሐዋርያ እዚችው መንደር መጥቶ፣ ጀልባ ቢያጣ አዞ ገሥጾ በጀርባው እንደተሻገረ ትናገራለች። ፓሌው በየእሑዱ ገልጦ፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ፣ አንዲት ቃል ሳይስት ያነበንባታል። አንዳንዴ መጽሐፏን ዘቅዝቆ ይይዛታል፤ አዞው ተቀይሞ አያውቅም።

በአንድ የጾም ወቅት ከእስክንድርያ ወሬ መጣ። ሊቃውንቱ ተሰብስበው እግዚአብሔር የትኞቹን መጻሕፍት እንዳጻፈ ወስነውለታል። ይህን ሊያስፈጽም የመጣው ቄስ ኤውሎግዮስ ከግሪክኛ ሌላ ቋንቋ አይሰማም፤ የመንደሩ ዲያቆን ሖር ይተረጉምለታል።

«ይቺን ሐዋርያ አልጻፋትም» አለ ቄሱ። «አባቶች አያውቋትም። ከዚህ መንደር ወዲያም የሚያነባት የለም።»

«አባቶችህ አዞ የት ያውቁና?» አለች የፓሌው ሚስት ታኤሲ። ሖር ይችን ሳይተረጉም ዋጣት።

መጽሐፏ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ተቃጠለች። ቄሱ በመንደሩ ቋንቋ የተጻፈ አዲስ መጽሐፍ አስረከበና፣ አንባቢው ነገ ከዚህ ያንብብ፣ ካልቻለ ሌላ ይሾማል አለ። የእነ ፓሌው ዳቦና ምስር የሚመጣው ከዚሁ ሹመት ነው።

«አሁን ምን ይውጥህ?» አለች ታኤሲ።

«አነባለኋ።»

«በምንህ?»

«በአፌ።»

በማግስቱ አዲሱን መጽሐፍ ገለጠና አዞውን ከነጅራቱ ያነበንበው ጀመር። ሕዝቡ መጽሐፏ ስትነድ አይቷልና አለቀሰ።

«ምን ሆነው ነው?» አለ ቄሱ።

«የተፈቀደው ቃል ልባቸውን ነክቶት ነው፣ አባታችን» አለ ሖር።

ቄሱ ደስ አለው። እውነተኛው ቃል በማንኛውም ቋንቋ ቢነበብ ለሚያውቅ ጆሮ አይሰወርም ሲል አስተማረና፣ ፓሌውን ባርኮ፣ ሹመቱን አጽንቶለት በጀልባው ሄደ።

መንደሩ እስኪበቃው ሳቀ። ፓሌው ግን አመዱን ሲያይ ሆዱ ባባ። ፊደሏን ባይለይም ገጿን ይወዳት ነበር። አሁን እሱ ጋ ካልሆነ የትም የለችም።

ከዚያ ወዲህ እሱ ባሳለ ቁጥር ጎረቤቱ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ብርድ በነፈሰ ቀንማ ታኤሲ በሩ ላይ ትቆምበታለች።

«ተቀመጥ አልኩህ» ትለዋለች። «አንተ ከሞትክ ሐዋርያው ወንዝ ማዶ ቀረ።»