አውድማው ላይ የሰፈርነው

በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ከኮሶዬ ወዲያ፣ ቆላው ወለል ብሎ ከሚታይበት ገደል አፋፍ ላይ አንድ ትንሽ የጦር ሰፈር ነበር። አሥራ ስምንት ወታደሮችና አንድ መቶ አለቃ ነበርን። እኔ የሬዲዮ ሠራተኛ ነኝ። የጎንደር ከተማ እስላም፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ስለሆንኩ የእርሻ ነገር አላውቅም።

የሰፈርንበት ሜዳ የገበሬዎቹ አውድማ ነበር። ድንኳን ስንተክል ማንም አልተናገረንም። ገብሱ ታጭዶ ሲከመር ግን አንድ ሽማግሌ ወደ መቶ አለቃው መጡ።

«ልጄ፣ እህላችን ደርሷል። የምንወቃበት ላይ ተኝታችሁበታል» አሉት።

«ሌላ ቦታ አይሆንም፣ አያ?»

«ሌላው ነፋስ የለውም። ዝናብ ጣል ካደረገ ደግሞ ክምሩ መብቀሉ ነው።»

ያለ ትእዛዝ ሰፈር መልቀቅ እንደሚያስጠይቅ ሁላችንም እናውቃለን። መቶ አለቃው ግን «ስንት ቀን ይበቃችኋል?» አለ።

«አምስት።»

ድንኳኖቹን ነቅለን ከሜዳው ዳር ካሉት ጥዶች ሥር ተከልናቸው። ሴቶቹ አውድማውን በእበት ለቀለቁት፤ ሲደርቅ ነዶው ተበተነና በሬዎቹ ገቡ። ቆመን ስናይ ከመካከላችን አንዱ፣ ቃል የማይወጣው ልጅ፣ ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጥቶ ጫማውን አወለቀ። ከበሬዎቹ ኋላ ገብቶ ጅራፍ ሳያነሣ በዜማ ያባብላቸው ጀመር።

ሽማግሌው አዳመጡትና «ይኼ ሸጋ ገበሬ ነው። ምነው ወታደር አደረጋችሁት?» አሉ።

ከጥበቃ ተረኞች በቀር ሁሉም ተከተሉት። በሦስተኛው ቀን ለእኔም መንሽ ሰጡኝ። ከነፋሱ ፊት ለፊት ቆሜ ገብሱን በመንሹ ወደ ላይ ብበትነው ገለባው ዓይኔንና አፌን ሞላው፤ ሴቶቹም ሳቁብኝ። በዚህ መሐል ሬዲዮው ጮኸ።

«ሁኔታው እንዴት ነው?» አለ የበላያችን።

መቶ አለቃው እስከ ጉልበቱ ገለባ ውስጥ ቆሞ ያየኛል።

«ሰላም ነው» አልኩ። አልዋሸሁም።

ከሁለት ወር በኋላ ወደ ቆላው እንድንወርድ ታዘዝን። ውጊያው አንድ ቀን ነው የፈጀው። አራት ሰው ሞተብን፤ በሬ የሚያባብለውም ከእነሱ አንዱ ነበር። ስማቸውን በሬዲዮ ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ። መስመሩ ስላልጠራ «ድገመው» አሉኝ፤ ደገምኩት።

ወደ አፋፉ ስንመለስ ሽማግሌው መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁን። ያን ልጅ በዓይናቸው ከፊት እስከ ኋላ ፈለጉት፣ አጡት። ከዚያ ወደ እኔ ቀርበው፣

«ፍትሐት እናስደርግለት። የክርስትና ስሙ ማነው?» አሉኝ።

እኔ አላውቅም። ጓደኞቹን ብንጠይቅ እነሱም አያውቁትም።

«ግድ የለም፣ እግዜር ያውቀዋል» አሉ።

በአርባው ቀን የመንደሩ ሰዎች ከዚያው ገብስ ጠላ ጠምቀው የአራቱንም ተዝካር አወጡ። ለእኔ ለብቻዬ የማር ብርዝ ቀረበልኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ደጋግመው ቀዱልኝ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ እናቴ በሕይወት ትኖር እንደሆነ ጠየቁኝ። አለች አልኳቸው። «ተመስገን» አሉና ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ።

ወሩ ሳያልቅ ሰፈሩ እንዲነሣ ታዘዘ። ድንኳኖቹን የጫንንባቸውን አህዮች ያዋሱን የመንደሩ ሰዎች ናቸው።