የጋሽ ሲራጅ ጠብታ ዘይት

ነገሩ የሆነው አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ታክሲ ውስጥም ብሆን ብቻዬን እስቃለሁ።

ያኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ሥራዬ ሕይወት ያላቸውን ሴሎች ስስ ላስቲክ ላይ አሳድጎ፣ ጥፍር በምታክል መሣሪያ ላስቲኩን ቀስ እያሉ መሳብና መልቀቅ፣ ከዚያም ሴሎቹ ምን እንደሚሆኑ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ሴል ሲጎትቱት ዝም አይልም፤ እንደ ሰው አቋቋሙን ያስተካክላል።

ታዲያ በመጨረሻው ሙከራ ዋዜማ የመሣሪያዋ ብሎን ተሰበረች። ሌላ ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። የቀሩኝ ሁለት ትንንሽ ሳህን ሴሎች ደግሞ ከሳምንት አያልፉም። እናቴ ምርቃቴን ለኮንዶሚኒየሙ ሰው ሁሉ አውጃ ጨርሳለች።

«ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ጋሽ ሲራጅ ጋ ውሰጃት» አለችኝ። ጋሽ ሲራጅ የአባቴን ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው አገላበጧት።

«ሰዓት ናት?»

«አይ፣ ሴል መጎተቻ ናት።»

«ምን አድርጓችሁ ነው የምትጎትቱት?»

በማግስቱ ከአሮጌ ሰዓት ብሎን አውጥተው ገጠሙላት። እንዲህ ለስልሳ ዞራ አታውቅም። እኔም ላይ ላዩን በአልኮል ጠርጌ አንዱን ሳህን ሴሎች ጫንኩባት። ጠዋት ስመጣ አንድም የተረፈ የለም። መሣሪያዋን ሳሸታት ዘይት ዘይት ትላለች።

እየሮጥኩ ሄድኩ። «ጋሽ ሲራጅ፣ ዘይት አድርገውባታል?»

«ታዲያስ! እኔ ዘይት ያልነካው ሥራ አስረክቤ አላውቅም።»

«ሴሎቼን ፈጁብኝ እኮ!» አልኩና እንባዬ መጣ።

ደነገጡ። «ስንት ይሆናሉ?»

«ብዙ ሺህ።»

«ያ አላህ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ወዲያው መሣሪያዋን ፈታተው እያንዳንዷን ቁራጭ ሦስት ሦስት ጊዜ አጠቡ። ከዚያ «አጥፍቼማ ቁጭ አልልም» ብለው ሱቃቸውን ዘግተው ላብራቶሪ ድረስ ተከተሉኝ።

የቀረችውን ሳህን ጫንኩ። በማግስቱ ቀድመውኝ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በማይክሮስኮፑ ሳይ፣ ተዘበራርቀው የነበሩት ሴሎች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረዋል። በደስታ ጮህኩ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ሲያዩ ብዙ ቆዩ።

«እንደ ጁምዓ ሰጋጅ ተሰለፉ እኮ! አሉ ማለት ነው?»

«አሉ፣ ጋሽ ሲራጅ።»

በምርቃቴ ቀን እናቴ ከአጎቶቼ ፊት አስቀመጠቻቸው። አሁንም በሱቃቸው ሳልፍ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ይሉኛል፤ አለማግባቴን የሚያውቁ ደንበኞች ዞር ብለው ያዩኛል።

ሰሞኑን ሌላ ብሎን አሠርቼ ነበር። በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ወረቀቱ ላይ በትልቁ «ዘይት አልነካትም» ብለው ጽፈዋል። ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበትን ደንብ ለእኔ ሴሎች ሲሉ አፈረሱ። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።