የፋናው ግንብ እንቁላል

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፤ ሞጣ የገባሁት በሥራ ነው። ቢሮ ውስጥ የቅርስ ባለሙያ ይሉኛል። የዚያን ዓመት የተሰጠኝ ሥራ የፋናውን ግንብ ማስጠገን ነበር።

ግንቡ ከጉንደ ወይን አለፍ ብሎ፣ የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ የቆመ ነው። ድሮ ከበረሃው የሚወጣ መንገደኛ ጨለማ ቢቀድመው ገደል እንዳይገባ፣ አናቱ ላይ በኑግ ዘይት ፋና ይበራ ነበር አሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም ነጋዴ ያንን ብርሃን እያየ ነው የወጣው። ኋላ የመኪና መንገድ መጣና ፋናው ቀረ። ሰዉም ድንጋዩን እየነቀለ መውሰድ ጀመረ፤ ለበግ በረት፣ ለጎተራ መቆሚያ፣ ለአጥር። እኔ ስደርስ የምሥራቁ ጎን ተሰንጥቆ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ካልደረስንለት መናዱ አይቀርም።

የኖራ ሥራ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ብቻ ቀርተዋል። ገና ስንገናኝ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንቺ ነሽ የምታሠሪኝ?»

«አዎ አባባ።»

«እንግዲያው እንቁላል አሰብስቢ።»

የድሮ ግንብ በኖራና በእንቁላል ነው የተሠራው የሚለውን ወሬ ጎጃም ውስጥ ያልሰማ የለም። እኔ ግን ተምሬያለሁ፤ ኖራ ውኃ ጠጥቶ በደንብ ከከረመ እንቁላል አያሻውም። ይህንኑ ነገርኳቸው። «ትምህርትሽን እዚያው ቢሮሽ» አሉኝ። ተናደድኩ። ተናድጄም እንቁላሉን አሰባሰብኩ፤ ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ እንደገባኝ ነው።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ዶሮ መቼም ጾም አታውቅ፣ ትጥላለች፤ የሚበላላት ግን የለም። ሴቱ ሁሉ በሰፌድ፣ በነጠላው ጫፍ እየቋጠረ ያመጣ ጀመር። ከግንቡ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እማማ ሰባት ቀላ ቀላ ያሉ እንቁላሎች አመጡ። ያለቻቸው ዶሮ አንድ ናት። «ደህና ቦታ ይግባልኝ» አሉ ለሽማግሌው።

ሽማግሌው እንቁላሉን እየተቀበሉ ኖራ ወደሚያቦኩበት ጎጆ ያስገባሉ። ማንም ግን አይገባም። «ኖራ ሲቦካ ዓይን ካረፈበት አይዝም» ይላሉ። እኔም፣ የተማርኩት ሴትዮ፣ ዓይኔን ይዤ ውጭ ቆሜያለሁ።

አንድ ቀን እሳቸው መሰላል ላይ ሳሉ ገመድ ፈልጌ ገባሁ። ኖራው ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቷል፣ አሸዋው ተነፍቷል። የእንቁላል ቅርፊት ግን የለም። አንድም። አስኳል የነካው ዕቃ እንኳ ብፈልግ አጣሁ። ወጣሁና መሰላሉ ሥር ቆምኩ።

«አባባ፣ እንቁላሉ የታለ?»

ቀስ ብለው ወረዱ፤ እጃቸውን ተለቃለቁ።

«ለአራስና ለሕፃናት ሰጠሁት። እነሱን ጾም አይዛቸውም።»

«ግንቡስ?»

«ግንቡ ምን ጎደለው? ኖራ እንቁላል አያሻውም ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ?»

«ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ለምን አስለፉት?» አልኩ።

«ድንጋዩን ማን መለሰው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እንቁላል መሰብሰብ ከጀመርን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ግንቡ ሥር ድንጋይ ተቀምጦ እናገኛለን፤ የበረት ፍግ ገና ያልለቀቀው። ያመጣው ማን እንደሆነ የሚናገር የለም። «እንቁላሉን ያስገባበትን ግንብ ሰው አይነቅልም» አሉና ተመልሰው ወጡ።

እኔ እዚያው ቀረሁ። ነገሩ ውሸት ነው፤ ግን አራስ ያበላል፣ ድንጋይ ይመልሳል። እውነቱን ብናገር ድንጋዩ ወደ በረቱ ሊመለስ ነው። ዝም ብል ደግሞ፣ እኔ ምኑን ባለሙያ ሆንኩ? አፈርኩም፣ ሳቄም መጣ፤ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም።

ከፋሲካ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ ግንቡ አለቀ። አናቱ ላይ የሶላር መብራት ተገጠመ፤ ደረጃውም ለሕዝብ ተከፈተ። አለቃዬ ታፔላ አዘዘ። «በኖራና በእንቁላል የተጠገነ ብለሽ ጻፊ፤ ጎብኚ ይወዳል» አለኝ። ጻፍኩና ሰረዝኩት። «በኖራ የተጠገነ» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱንም ሰረዝኩ። ይኼን ያነበበ ሰው እንቁላሌስ ቢል ምን ልለው ነው? ሽማግሌውን ባማክር «የኔ ሥራ ግንቡ ነው፣ ታፔላው ያንቺ ነው» ብለው ሳቁብኝ።

ወረቀቴን ይዤ ግንቡ ሥር ቁጭ ብዬ ሳለ፣ የሰባቱ እንቁላል ባለቤት እማማ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ የኔ እንቁላል የቱ ጋ ነው የገባው?»

ያቺ አንዲት ዶሯቸው ትዝ አለችኝ። ተነሣሁና አንድ ደህና ድንጋይ ላይ እጄን አሳረፍኩ።

«እዚህ ነው እማማ።»

ድንጋዩን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ይኼማ የጎረቤቴ ነው» አሉ። «የኔን በወዲያ በኩል ሽማግሌው አሳይተውኛል።»

«ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

«ምን ትይ ይሆን ብዬ ነዋ። ልጄ አራስ ነበረች፤ እንቁላሉ እቤቴ ተመልሶ መጣ። ዶሮዬ የጣለችውን እኔ በመልኩ አላጣውም።»

«ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«ስንቱ ቤት አራስ አለ፤ የማያውቅ ማን አለ?»

ዞረው ወደ ድንጋያቸው ሄዱ። በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉለት። «ብቻ ሰው እንዳይነካብኝ» አሉኝ፣ ኮስተር ብለው።

ታፔላው ላይ የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፤ «ድንጋዩን አትንኩ፣ ባለቤት አለው።» አለቃዬ ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀኝ። እንጃ አልኩት።